አበበ በሶ ሲበላ ጫላ ጩቤውን ጨብጦ ነበር? ስለ «አሁን» እና ስለ ልዩ አንጻራዊነት

ፊደል ከቆጠርን በኋላ አፋችንን ከፈታንባቸው ዓረፍተ ነገሮች መካከል «አበበ በሶ በላ» እና «ጫላ ጩቤ ጨበጠ» የማይረሱ ናቸው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ እየጮኸ ሲያነባቸው ግን እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የቱ ቀደመ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። በሶው የተበላው ጩቤው ከመጨበጡ በፊት ነው፣ በኋላ ነው ወይስ በዚያው ቅጽበት? ጥያቄው የልጅ ጨዋታ ቢመስልም እ.ኤ.አ. በ1905፣ በእኛ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም.፣ በስዊዘርላንድ የበርን ከተማ የፈጠራ መብት በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው የ26 ዓመቱ አልበርት አንስታይን በጥሞና የመረመረው ይህንኑ ነው። የደረሰበት መልስ እስከ ዛሬ ሰውን ያስደነግጣል። ሁለቱ ድርጊቶች በተለያየ ቦታ የተፈጸሙ ከሆነ «የቱ ቀደመ?» ለሚለው ጥያቄ ሰዎችን ሁሉ የሚያስማማ አንድ መልስ ላይኖር ይችላል፤ የማይስማሙትም የአንዱ ሰዓት ስለተበላሸ ወይም አንዱ ስለዋሸ አይደለም።

ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች መውጫ ሲያጡ «ምን ታደርገዋለህ፣ ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው፤ አንስታይንም ብሎታል» ብለው ሲደመድሙ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ልዩ አንጻራዊነት የሚባለው የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ግን እንዲህ አይልም። እንዲያውም የቆመው ለሁሉም ሰው አንድ በሆኑ፣ ፈጽሞ አንጻራዊ ባልሆኑ ሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንጻራዊ ሆነው የተገኙት ነገሮች፣ ከእነርሱም ዋናው «በአንድ ቅጽበት» የሚለው አባባል፣ ሁለቱን ላለመልቀቅ ሲባል የተከፈለ ዋጋ ናቸው።

«በአንድ ቅጽበት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በፊዚክስ ቋንቋ «ክስተት» ማለት የታወቀ ቦታና የታወቀ ጊዜ ያለው ድርጊት ነው። የበሶው ጉርሻ ከአፍ መግባት አንድ ክስተት ነው፤ የጩቤው መጨበጥም ሌላ። ሁለት ክስተቶች እዚያው አንድ ቦታ ላይ ሲሆኑ ነገሩ አያከራክርም። አንስታይን በ1905 ጽሑፉ የሰጠው ምሳሌ የባቡር ነበር፤ «ባቡሩ በሰባት ሰዓት እዚህ ይደርሳል» ስል የሰዓቴ ጠቋሚ ሰባት ላይ መድረሱና የባቡሩ መምጣት በአንድ ቅጽበት ይሆናሉ ማለቴ ነው ይላል። (በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑ ነው።) ሰዓቱም ባቡሩም ዓይኑ ሥር ስላሉ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ችግሩ የሚጀምረው ቦታው ሲራራቅ ነው። ለገሃር ላይ የቆመ ሰዓትና ፒያሳ ላይ የቆመ ሰዓት በትክክል እኩል እየቆጠሩ መሆናቸውን በምን እናውቃለን? ከለገሃሩ ሰዓት ያስተካከልነውን የእጅ ሰዓት ይዘን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ብንወጣ፣ በመንገድ ላይ ያ ሰዓት አለመዛነፉን የሚመሰክር ሌላ ሰዓት ሊያስፈልገን ነው። አንስታይን ያቀረበው ዘዴ በጣም ቀላል ነው። ከለገሃር የብርሃን ብልጭታ ወደ ፒያሳ ይላካል፤ እዚያ በመስታወት ተመትቶ ይመለሳል፤ የደርሶ መልሱ ጊዜ ለሁለት ሲካፈል ብርሃኑ ፒያሳ የደረሰበት ቅጽበት ይገኛል። ርቀቱን 3 ኪሎ ሜትር ብንለው ብርሃን ለመሄድ የሰከንድ 100,000ኛ፣ ለደርሶ መልስ የዚያን እጥፍ ይፈጅበታል። የፒያሳው ሰዓት ብርሃኑ በደረሰበት ቅጽበት የለገሃሩ መነሻ ሰዓት ሲደመር የደርሶ መልሱ ጊዜ ግማሽ ካሳየ፣ ሁለቱ ሰዓቶች ተስማምተዋል እንላለን። እንግዲህ «ፒያሳ ላይ አሁን» የሚባለው ነገር በተፈጥሮ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀን አይደለም፤ ልኬት ነው፤ በብርሃን ፍጥነት ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ ልኬት።

ወሬው ዘግይቶ ስለሚደርሰን ነው እንዴ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የኳስ ጨዋታ በቀጥታ ሲተላለፍ የእኛ ቴሌቪዥን ላይ አጥቂው ገና ኳሱን እየገፋ ሳለ ከጎረቤት ግቢ «ጎል!» የሚል ጩኸት ይፈነዳል። እኛ ቤት ምስሉ በዲሽ ይመጣል፤ ከምድር ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለ ሳተላይት ወጥቶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይጠፋል፤ ምስሉን የሚጠቀልሉትና የሚፈቱት መሣሪያዎች ደግሞ ተጨማሪ ሰከንዶች ይወስዳሉ። ጎረቤት በሬዲዮ እየተከታተለ ከሆነ ይቀድመናል። ሆኖም ጎሉ ሁለት ጊዜ እንዳልተቆጠረ እናውቃለን። የዘገየው ወሬው እንጂ ጎሉ አይደለም።

የክረምት መብረቅም እንዲሁ ነው። ብልጭታውን አይተን ነጎድጓዱን ከሦስት ሰከንድ በኋላ ከሰማን መብረቁ የወደቀው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ መሆኑን እንገምታለን፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ስለሚጓዝ። ፀሐይንም የምናያት ከስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ በፊት እንደነበረች ነው። በእነዚህ ሁሉ ላይ የጉዞውን ጊዜ ቀንሰን «በእርግጥ የሆነው መቼ ነው?» የሚለውን እናገኛለን፤ ካሰላን በኋላ ደግሞ እንስማማለን።

አንስታይን ያለው ይህን አይደለም። እርሱ ያለው ሁሉም ሰው የወሬውን መዘግየት በጥንቃቄ ቀንሶ፣ ሂሳቡን ያለ ስሕተት ሠርቶ፣ ሰዓቱን በሥርዓት አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላም አንዱ ከሌላው አንጻር በሚጓዙ ሰዎች መካከል ልዩነት ይቀራል ነው። ነገሩ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነትም አይደለም። የውጭ አገር እንግዳ «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ሲባል ቀጠሮው ላይ ስድስት ሰዓት ቢሳሳት የተለያየው ለቅጽበቱ የሰጠነው ስም ነው፤ ቅጽበቱ ግን ያው አንዱ ነው። በልዩ አንጻራዊነት የሚለያየው ስሙ ሳይሆን ራሱ ቅጽበቱ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለት የማይነቃነቁ ነገሮች የሚመጡት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ቀላል ባቡር የሚሳፈር የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስታዲየም ጣቢያ ላይ በመስኮት በኩል ከጎናችን የቆመውን ባቡር እያየን ሳለ የእኛ ባቡር ቀስ ብሎ የተንቀሳቀሰ ይመስለናል። አንድ ቀን ቦርሳዬን አስተካክዬ ብረቱን ጨብጬ «ተነሣን» ብዬ ተዘጋጅቼ፣ ያኛው ባቡር አልፎ ሲያልቅ እኛ ካለንበት ንቅንቅ አለማለታችንን ሳይ አጠገቤ የቆሙት እናት ሳቁብኝ። ባቡሩ ሳይንገጫገጭ፣ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ በቀጥታ እስከሄደ ድረስ ውስጥ ሆነን የምንሠራው የትኛውም ሙከራ «እየሄድክ ነው» ወይም «ቆመሃል» ሊለን አይችልም። የያዝነው የውኃ ጠርሙስ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጠው ይቀመጣል፤ የጣልነው ሳንቲም ቀጥ ብሎ እግራችን ሥር ይወድቃል። ይህን ነገር ጋሊሊዮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ምሳሌ አስረድቶታል፤ አንስታይን ደግሞ የኤሌክትሪክና የማግኔትን ሕግ ጨምሮ ለፊዚክስ ሕጎች ሁሉ የሚሠራ ነው አለ። «ልዩ» የሚባለውም ንድፈ ሐሳቡ በወጥ ፍጥነት ቀጥ ብለው ከሚጓዙ ሰዎች መለኪያ ስለሚነሣ ነው። የመሬት ስበት የተጨመረበት አጠቃላዩ ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1915 ለብቻው መጣ።

ሁለተኛው የብርሃን ፍጥነት ነው፤ በባዶ ኅዋ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር። እዚህ ላይ የሚያስገርመው የፍጥነቱ ብዛት ሳይሆን ማንም ቢለካው አንድ መሆኑ ነው። ድምፅ እንዲህ አይደለም። ጠዋት ከሁለት አቅጣጫ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚሰማ በመኪና የሚጓዝ ሰው አየሩን ሰንጥቆ ወደ አንደኛው ደወል እየገሰገሰ ስለሆነ የዚያ ድምፅ ይበልጥ እየፈጠነ ይቀበለዋል፤ ከኋላው የሚመጣው ደግሞ እየተንቀራፈፈ ይከተለዋል። ሰውየው በአየሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያውቃልና ያንን አስቦ ያርማል፤ መንገድ ዳር ከቆመው ሰው ጋርም ይስማማል። ሁሉንም የሚያስማማቸው ዳኛ አየሩ ነው።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንት ለብርሃንም እንደ አየር ያለ ዳኛ አለው ብለው ያምኑ ነበር፤ «ኤተር» ይሉት ነበር። አልበርት ማይክልሰንና ኤድዋርድ ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ ክሊቭላንድ በጣም ስስ ልዩነትን የሚይዝ መሣሪያ ሠርተው፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ በኤተሩ ውስጥ የሚፈጠረውን «ነፋስ» ፈለጉ። የጠበቁትን አላገኙም። ብርሃኑ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ሮጠ። ለብርሃን አየር የለውም፤ ስለዚህ «አንተ ነህ የምትሄደው፣ አንተ ነህ የቆምከው» ብሎ የሚፈርድ ዳኛም የለም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ የዚህ ዳኛ አለመኖር ውጤት ነው።

አበበና ጫላ ባቡር ቢሳፈሩስ?

የአንደኛ ክፍል ወዳጆቻችንን ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ባቡር እናሳፍራቸው። አበበ በሶውን ይዞ በፊተኛው ጫፍ፣ ጫላ ጩቤውን ይዞ በኋለኛው ጫፍ ተቀምጠዋል። ዮናስ ልክ መካከላቸው ላይ ነው። ትዕግሥት ደግሞ ለገሃር ጣቢያ መድረኩ ላይ ቆማለች። አበበ ሲጎርስ ከአጠገቡ መብራት ብልጭ ይላል፤ በዚያው ቅጽበት ከሥሩ መድረኩ ላይ የጠመኔ ምልክት ይቀራል። ጫላ ሲጨብጥም እንደዚያው። ባቡሩን ከብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ በሚሆን ፍጥነት እናስሩጠው፤ የመሥመሩን መሐንዲሶች ይቅርታ እየጠየቅን።

ሁለቱ ብልጭታዎች ትዕግሥት ዘንድ እኩል ደረሱ። ሜትሯን አውጥታ ስትለካ ከሁለቱ የጠመኔ ምልክቶች እኩል መሐል ቆማ እንደነበር አረጋገጠች። ብርሃኑ ከሁለቱም ወገን እኩል መንገድ በእኩል ፍጥነት ተጉዞ እኩል ከደረሰ የተነሣው እኩል ነው። ፍርዷ ግልጽ ነው፤ አበበ የጎረሰውና ጫላ የጨበጠው በአንድ ቅጽበት ነው።

ዮናስስ? ብርሃኖቹ በመንገድ ላይ ሳሉ ባቡሩ ወደ ፊት እየሄደ ስለነበር የአበበ ብልጭታ ቀድሞ አገኘው፤ የጫላው ተከትሎት ቆይቶ ደረሰበት። ትዕግሥትም ብትጠየቅ ይህን አትክድም፤ በእርሷም ስሌት ዮናስ ወደ አበበ ብርሃን እየገሰገሰ፣ ከጫላ ብርሃን እየሸሸ ነበር። ስለዚህ ዮናስ ላይ የአበበ ብርሃን ቀድሞ ማረፉ ሁለቱም የሚስማሙበት ነው። የሚለያዩት ከዚህ በሚወጣው ድምዳሜ ላይ ነው። ዮናስ በባቡሩ ውስጥ ከሁለቱም ጫፎች እኩል ርቀት ላይ ተቀምጧል፤ ይህንንም ለክቶ አውቋል። የብርሃን ፍጥነት ለእርሱም ከፊትም ከኋላም ያው 299,792,458 ሜትር በሰከንድ ነው። እኩል መንገድ፣ እኩል ፍጥነት፣ ነገር ግን የአበበ ብርሃን ቀድሞ ደረሰ። እንግዲህ አበበ ቀድሞ ጎርሷል ማለት ነው፤ ከዚህ ሌላ ድምዳሜ የለውም።

አንባቢ እዚህ ላይ «ዮናስ እየሄደ መሆኑን ረስቶ እንጂ!» ብሎ ሊያቋርጠኝ ይችላል። ለድምፅ ቢሆን ትክክል ነበረ። ለብርሃን ግን «እየሄደ» የሚለው ቃል ራሱ ከትዕግሥት አንጻር የተነገረ ነው። ለዮናስ የሚሄደው መድረኩ ነው፤ ትዕግሥትም ከነሜትሯ ወደ ኋላ እየሸሸች ነው። የእርሱን መለኪያ ጥለን የእርሷን እንድንይዝ የሚያስገድደን አንድም ሙከራ የለም።

በተቃራኒው ሐዲድ ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም በዚያው ፍጥነት የምትጓዝ ሐና ብትኖርና እርሷም በባቡሯ ላይ ሁለቱ ክስተቶች ከተፈጸሙባቸው ነጥቦች እኩል መሐል ብትቀመጥ ነገሩ ይገለበጣል። እርሷ የምትገሰግሰው ወደ ጫላ ወገን ስለሆነ በእርሷ ልኬት ጩቤው ተጨብጧል፣ በሶው ገና አልተበላም። በሁለት ድርጊት ላይ ሦስት መልስ አገኘን፤ እኩል ነው፣ አበበ ቀደመ፣ ጫላ ቀደመ።

ማን ነው ትክክል?

ሦስቱም። ይህ የሽምግልና መልስ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ ለሚሄድ ሰው በስተቀኝ የሚታየው ሕንፃ ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ ለሚመጣው በስተግራ ነው። ሁለቱ ሰዎች «ሕንፃው በእርግጥ በየት በኩል ነው?» ብለው አይጣሉም፤ «ቀኝ» የሚለው ቃል የጉዞ አቅጣጫ ካልተነገረው ጎደሎ መሆኑን ያውቃሉና። ከ1905 ወዲህ «በአንድ ቅጽበት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሆነ፤ «በማን መለኪያ?» የሚለው ካልተጨመረበት ጎደሎ ነው። ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው ባይሄድም መነሻው ላይ ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1908 የአንስታይን የቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበረው ሄርማን ሚንኮቭስኪ ነገሩን በሌላ መልክ አቀረበው። ካርታን ብናዞረው ፒያሳ ከለገሃር «ምን ያህል ወደ ላይ፣ ምን ያህል ወደ ጎን» እንደሆነ ይለወጣል፤ የቀጥታው ርቀት ግን አይለወጥም። ፍጥነትን መለወጥም ቦታና ጊዜ በአንድነት የተሳሉበትን ካርታ እንደማዘንበል ያለ ነገር ነው። የጊዜው ልዩነት ለብቻው፣ የቦታው ልዩነት ለብቻው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሁለቱ በተወሰነ ቀመር ሲቀናነሱ የሚገኘው ቁጥር ግን ለትዕግሥትም ለዮናስም ለሐናም አንድ ነው።

ለምን በኑሯችን አይታየንም?

ልዩነቱን ለመገመት የሚያገለግለው ስሌት አጭር ነው። የጉዞው ፍጥነት በርቀቱ ይባዛል፤ ውጤቱ ለብርሃን ፍጥነት፣ አሁንም እንደገና ለብርሃን ፍጥነት ይካፈላል። በእውነተኛው ፍጥነቱ፣ ለምሳሌ በሰከንድ 10 ሜትር፣ በሚሄድ 30 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ባቡር ላይ የዮናስና የትዕግሥት ልዩነት ሰከንድ ለአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ተከፍላ ከዚያ ውስጥ ሦስት ያህሉ ናት። በዚያች ጊዜ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው የሚሊ ሜትር 1,000ኛ ብቻ ነው። ይህን በእጅ ሰዓት የሚለይ ሰው የለም፤ አእምሯችን ለሁሉም አንድ የሆነ «አሁን» አለ ብሎ ማደጉም አያስወቅሰውም። በ60 በመቶ የብርሃን ፍጥነት በሚሮጠው ምናባዊ ባቡራችን ላይ ግን ልዩነቱ 60 ናኖሰከንድ ይሆናል። ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ናት፤ ለኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ 60ው ብዙ ነው።

ቀመሩ ውስጥ ርቀት አለ፤ ስለዚህ ርቀቱ ሲገዝፍ ዝግ ያለ እርምጃም ጉልበት ያገኛል። አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፤ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። በቸርችል ጎዳና ሁለት ሰዎች ተላለፉ እንበል፤ አንዱ ወደ ፒያሳ ሽቅብ፣ ሌላው ወደ ለገሃር ቁልቁል፣ ሁለቱም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር። ለምሳሌው ሲባል ጋላክሲዋ በሽቅቡ አቅጣጫ ናት ብለን እንያዝ። ወደ እርሷ የሚራመደው ሰው «አሁን አንድሮሜዳ ላይ» ብሎ የሚቆጥረው ቅጽበት፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጫማ ከሚያስጠርገው ሰው «አሁን» አራት ቀን ያህል ወደፊት የገፋ ነው፤ ቁልቁል የሚወርደው ሰው ደግሞ አራት ቀን ወደ ኋላ። ትከሻ ለትከሻ ሲተሻሹ በሁለቱ «አሁን» መካከል ከስምንት ቀን በላይ አለ። አንዳቸውም ግን እዚያ ምን እንደሆነ አያዩም፤ የዚያ ቀን ብርሃን እስኪደርስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይቀራልና። ይህን ምሳሌ ይዘው «እንግዲያውስ መጪው ጊዜ ተጽፎ ያለቀ ነው» ወደሚል ድምዳሜ የሚሮጡ አሉ። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ፊዚክሱ ያን ያህል አይናገርም፤ የሩቁን «አሁን» የሠራነው ራሳችን በስሌት መሆኑን ብቻ ነው የሚያስታውሰን።

እንዲህ ከሆነ ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ሊወለድ ነው?

አይወለድም፤ ንድፈ ሐሳቡም ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ቅደም ተከተላቸው ሊገለበጥ የሚችለው ብርሃን እንኳ ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው በጊዜ ሊደርስባቸው የማይችላቸው ክስተቶች ብቻ ናቸው። ብርሃን 30 ሜትር ለማቋረጥ 100 ናኖሰከንድ ይወስድበታል። በባቡሩ ሁለት ጫፎች ላይ የተፈጸሙ ክስተቶች በባቡሩ ሰዓት ከዚህ በላይ ከተራራቁ የቱንም ያህል የሚፈጥን ተጓዥ ቢመጣ ፊተኛውን ኋለኛ ሊያደርገው አይችልም።

ጫላ ጩቤውን የጨበጠው አበበ በሶውን ብቻውን ሲበላ አይቶ ተናዶ ከሆነ፣ ለማየት የአበበ ብርሃን ወደ እርሱ መድረስ ነበረበት፤ ስለዚህ በትዕግሥትም በዮናስም በሐናም ልኬት አበበ ቀድሟል። በአንድ ቦታ የሚከታተሉ ነገሮችም እንዲሁ የተጠበቁ ናቸው። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ዱቄቱ በውኃ ይለወሳል፣ ከዚያ ይበላል፤ በሶ ሳይለወስ የተበላበትን ጊዜ የሚለካ መንገደኛ በየትኛውም ባቡር ላይ የለም። ሊለዋወጥ የሚችለው አንዱ ለሌላው ምክንያት ሊሆን የማይችል የሁለት ባይተዋር ክስተቶች ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ባቡሩስ ለምን ያጥራል?

«የሚሮጥ ነገር ያጥራል» ሲባል ብዙ ሰው ብረቱ የሚጨማደድ ይመስለዋል። ነገሩ የልኬት ጉዳይ ነው፤ መነሻውም ያው «በአንድ ቅጽበት» ነው። መርካቶ ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ከቆመ አንዱን ጫፍ አሁን፣ ሌላውን ቆይቶ ቢያይ ችግር የለበትም። ጨርቁ እየተጎተተ ከሆነ ግን ሁለቱን ጫፎች በአንድ ቅጽበት ካልያዘ ልኬቱ ከንቱ ነው። ትዕግሥት የጠመኔ ምልክቶቹ በአንድ ቅጽበት ስለተደረጉላት በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካችና የባቡሩ ርዝመት 24 ሜትር ነው አለች። ዮናስ ባቡሩን ውስጥ ሆኖ ለክቶት 30 ሜትር ነው። በእርሱ አስተያየት የትዕግሥት ጥፋት ግልጽ ነው፤ የፊተኛው ጫፍ ምልክት ቀድሞ ተደረገ፣ የኋለኛው ምልክት እስኪደረግ 60 ናኖሰከንድ አለፈ፣ በዚያ መካከል መድረኩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ስለዚህ ምልክቶቹ ተቀራረቡ። ሁለቱም ቅን ናቸው፤ የተለያዩት ምልክቶቹ «እኩል» ተደርገዋል ወይስ አልተደረጉም በሚለው ነው። የሚጓዝ ሰዓት ይዘገያል የሚባለውም በቅርብ ሲመረመር ሥሩ እዚያው ላይ ይገኛል።

ስልካችን ላይ ያለው «አሁን» የማን ነው?

ለገሃር ቆመን በስልክ መተግበሪያ ታክሲ ስንጠራ ቦታችንን የሚነግሩልን የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት የሚልከው መልእክት በአጭሩ «እኔ ይህን ሰዓት ስል እዚህ ቦታ ነበርኩ» የሚል ነው። ስልኩ የብርሃኑን የጉዞ ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያገኛል። በአንድ ናኖሰከንድ ብርሃን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ «ይህን ሰዓት» የሚለው ቃል ለሁሉም ሳተላይቶች አንድ ትርጉም ሊኖረው ግድ ነው። ሳተላይቶቹ በፍጥነታቸው የተነሣ ሰዓታቸው በቀን 7 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ይዘገያል፤ ከምድር ስበት በመራቃቸው ደግሞ 45 ያህል ይፈጥናል፤ ይህ ታስቦ ሰዓቶቹ ከመምጠቃቸው በፊት እንዲስተካከሉ ይደረጋል።

የሚቀረው ጥያቄ የማን «አሁን» ይወሰድ የሚለው ነው። እኛ ቆመናል ብንልም አዲስ አበባ በምድር ዙረት ምክንያት በሰከንድ 460 ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች። የሳተላይቱ መልእክት እስኪደርሰን በሚያልፈው ከ100 የሰከንድ ክፍልፋዮች ሰባት ያህል ውስጥ ከነጣቢያው ከ30 ሜትር በላይ ተጉዘናል። የምድር ዙረት ደግሞ ቀጥ ያለ ወጥ ጉዞ ስላልሆነ የምድርን ገጽ «የቆመ» ብሎ ይዞ ሰዓቶችን ሁሉ በላዩ ላይ ማስማማት አይቻልም። ስለዚህ የሥርዓቱ ንድፍ አውጪዎች ከምድር ጋር የማይሽከረከር፣ መነሻው የምድር ማዕከል የሆነ ምናባዊ መለኪያ መርጠው የዚያን «አሁን» ለሁሉም አደሉ። ስልኩ ይህን ሳያርም ቢቀር መኪናው ከአካፋዩ ወዲያ ማዶ ቆሞ ሾፌሩ «የት ነህ?» እያለ ይደውል ነበር፤ አሁንም የሚደውለው በሌላ ምክንያት ነው።

ምርጫው የግድ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ስሌት አለ። ከኬንያ ምድር ወገብ ላይ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ በየተወሰነ ርቀት ሰዓት እያስቀመጥን፣ እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር በአንስታይን የብርሃን ደርሶ መልስ ዘዴ እያስማማን ምድርን ዞረን ብንመለስ፣ የመጨረሻው ሰዓት ከመጀመሪያው አጠገብ ሲቆም 207 ናኖሰከንድ ያህል ይለያያል። በመንገድ ላይ አንዱም ሰዓት አልተበላሸም፤ አንዱም ጎረቤት ከጎረቤቱ አልተጣላም።